የጥላሁን ሣህሉ መስመር

በሊሙ ገነት አቶ ገበየሁ «ይቅር» ካሉ ይቀራል። ከሸዋ መጥተው በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሥር የሰደዱ ክርስቲያን ቤተሰቦች ልጅ ሊድሩ ሲያስቡ፣ ጥሎሽ ከመቆረጡ፣ ጠላ ከመጠንሰሱ በፊት ወደ እሳቸው ሰው ይልካሉ። እሳቸውም የወንዱንም የሴቷንም ወገን በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ ሰባት ቤት። ሥጋ ካልተገናኘ «ይሁን» ይላሉ። ከተገናኘ «ይቅር» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። በማን በኩል ነው፣ ስንተኛው ቤት ላይ ነው ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ካለ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው በእሱ ሰፈር ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቁታል።

ለይኩንን የሚያበሳጨው ይኸው ነበር። ሰው ሁለት ልጆች እንዳይጋቡ ከልክሎ ምክንያቱን እንዴት አይናገርም?

ለይኩን ጅማ ተወልዶ፣ ዘጠኝ ዓመት ፊንላንድ ተምሮና ሠርቶ፣ በ2002 ዓ.ም. ክረምት ማንም ሳይጠራው የተመለሰ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ለምን እንደተመለሰ ሲጠየቅ በየሳምንቱ የተለየ መልስ ይሰጣል። ወላጆቹ ስላረፉ ሕርማታ ሰፈር ከአባቱ እኅት ከእትዬ ፋንቱ ጋር ይኖራል። በውጭ አገር ሳለ የጀመረው አንድ ሥራ ነበረው፤ «ቤተዘመድ» ይባላል። ሰው የቤተሰቡን ታሪክ፣ ልደቱንና ጋብቻውን፣ የአያት የቅድመ አያቱን ስም በኢንተርኔት የሚያስቀምጥበት ሶፍትዌር ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል፣ ማንም በነፃ ወስዶ ለራሱ ወገን ይሠራበታል። በአካል አይቷቸው የማያውቃቸው አንድ ብራዚላዊና አንዲት ፖላንዳዊት ከእንጀራቸው ሥራ በተረፋቸው ሰዓት ያግዙታል።

ጅማ ላይ የሚሠራው ከጣሪቅ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ጣሪቅ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ አማርኛን ከኦሮምኛ እያደባለቀ በሰው ይቀልዳል።

«ሜ፣ እስቲ ንገረኝ» ይለዋል፣ «እስካሁን ስንት ተጠቃሚ ተመዘገበልህ?»

«አሥራ አንድ።»

«ከነአንተ?»

«ከነእኔ።»

«ማሻአላህ! አንድ ቡድን ሞላ። አሁን ተጋጣሚ ፈልግ።»

ለይኩን ይስቃል፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ነገር ለማን ይጠቅማል? እዚህ አገር ዘሩን የማያውቅ ሰው የለ፤ የማያውቅም ቢኖር አቶ ገበየሁ አሉ። አንዳንድ ጠዋት ሄልሲንኪ ያለ የሥራ ማስታወቂያ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ያነብና መልሶ ይዘጋዋል።

ያም ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሊሙ ገነት መሄዱን አልተወም። ረዳቱ «ሊሙ፣ ሊሙ፣ ቶኮ ሀፌ!» እያለ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ ብሎ ሦስት ሰው በሚጭንበት ሚኒባስ ይሄድና ከአቶ ገበየሁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚሉትን ይጽፋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስም ለመስጠት አይሰስቱም፤ «ከእኔ ጋር አፈር እንዳይበላው» ይሉታል። እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌም እከሊትን አግብቶ እነእከሌን ወለደ። በአምስት ወር ውስጥ ከስድስት መቶ ስም በላይ ሞላ።

አንድ ቀን የሚኮራበትን ነገር አሳያቸው። ሁለት ስም መርጦ አንድ ቦታ ሲጫን ዝምድናቸው በቀይ መስመር ተስሎ ይወጣል፤ በማን በኩል እንደሆነ፣ ስንተኛው ቤት ላይ እንደሆነ፣ ሁሉም ተዘርዝሮ።

አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩት።

«ይሄ ሁሉን ይናገራል?»

«ሁሉን፣ ጋሼ።»

«ለማን?»

«ለጠየቀው ሁሉ።»

«እንግዲህ» አሉና ጋቢያቸውን መለስ አደረጉ። «ጅማ ዘንቧል?»

ስሕተቱ የተሠራው በዚያው ሳምንት ነው። እትዬ ፋንቱ ጎመን እየቀነጠቡ ሳለ ለይኩን ላፕቶፑን አጠገባቸው አድርጎ ስሞቹን እያነበበ ያስፈትሻቸው ነበር። አያቱ፣ የአያቱ ወንድም ሣህሉ፣ የሣህሉ ልጅ ጥላሁን።

«ጥላሁን» አሉ እትዬ ፋንቱ ፈገግ ብለው፣ «ሣህሉ እንዴት ይወደው ነበር! የማር ልጁን። ከወለደው አብልጦ ነበር እኮ የሚወደው።»

«የማር ልጅ ማለት?»

«ኧረ ወዲያ፣ ይህንንም ረሳኸው? ከሰው ወስደህ ልጄ ስትለው ነዋ። ማር አውራ ጣትህ ላይ ትቀባና ሽማግሌ ፊት ታጠባዋለህ። በቃ፣ ልጅህ ነው።» ይህን ብለው ጎመኑን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለይኩን ማስታወሻውን ገለጠ። አቶ ገበየሁ ያጻፉት «ሣህሉ ጥላሁንን ወለደ» የሚል ነው። በአምስት ወር ውስጥ ከሽማግሌው ያገኘው የመጀመሪያው ስሕተት ይኸው ነበር፤ ስላገኘውም ደስ አለው። ያ ደስታ ለእውነት ከመቆርቆር ብቻ የመጣ እንዳልነበረ ለራሱ ያመነው ቆይቶ ነው። ከሣህሉ ወደ ጥላሁን የሚወርደውን ድፍን መስመር አጠፋና በቦታው የተቆራረጠ መስመር አስገባ። ግርጌው ላይ የመስመሮቹ ትርጉም አለ፤ የተቆራረጠ መስመር፦ ያሳደገው እንጂ ያልወለደው።

አቶ ጥላሁን አጋሮ የቡና መፈልፈያ ያላቸው የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ልጃቸው ፍቅር የቡ ከተማ ላይ ነርስ ናት። በጥር አጋማሽ፣ እሑድ ቀን፣ አጋሮ ኮምፒውተር ለሚያስተምረው ለኤልያስ ሊጠይቋት ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤታቸው መጡ። ለይኩንና እትዬ ፋንቱ የቅርብ ዘመድ ናቸውና ተጠርተው ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹን የመሩት የኤልያስ አጎት አቶ ዓምደሚካኤል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ቁመታቸው መቃ፣ ንግግራቸው የተሰመረ። አጋሮ ከገቡ ብዙ ስላልቆዩ አቶ ገበየሁን በስም እንኳ አያውቋቸውም።

በደንቡ መሠረት ቆመው ቆዩ። ተቀመጡ ሲባሉ ሁለቱ ተቀመጡ፤ አቶ ዓምደሚካኤል ግን እንደቆሙ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ለይኩን ከሩቅ አወቀው። የቤተዘመድ ገጽ ነው። ሰው ሥራውን አትሞ ለቁም ነገር ሲያመጣው የመጀመሪያው ስለሆነ ልቡ ሞቅ አለ።

«አቶ ጥላሁን፣ እኛ ጨዋ ቤት መምጣታችንን እናውቃለን» አሉ አቶ ዓምደሚካኤል። «ልጅቷም እንከን የላትም። ነገር ግን ሰባት ቤት ስንቆጥር አንድ ቦታ ላይ ቆምን።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ይህ መስመር ለምን ተቆራረጠ?»

እትዬ ፋንቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሰው ለማዋረድ አልመጣሁም» ቀጠሉ አቶ ዓምደሚካኤል። «ግን የአባቷ ሥጋ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ከየት ጀምረን እንቁጠር? ምናልባት ከእኛው ቢሆንስ?»

«ወረቀቱን ማን ሰጠዎ?» አሉ አቶ ጥላሁን በቀስታ።

«ማንም። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አሳትሜው ነው። ለማንም ክፍት ነው።»

የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ ለይኩን ዞረ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እኔ… እውነት ስለሆነ…»

«እውነትነቱ ጠፍቶኝ መሰለህ? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሊሙ ያውቃል፣ አጋሮ ያውቃል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን አንድ ሰው ከአፉ አላወጣውም። በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት የገተረኝ ጠላቴ እንኳ፣ ያን ሁሉ ስድብ ሲሰድበኝ፣ ይህችን አልነካትም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አባቴን አስታምሜ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የተቆራረጠ ነገር አልነበረም።»

ተነሥተው ወጡ። ጓዳ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው ፍቅር ተከትላቸው ሮጠች።

አቶ ዓምደሚካኤል ወረቀቱን አጠፉት። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ሁዳዴ ሳይገባ ቁጥሩ ከተጣራ እንመለሳለን» አሉ። «ካልተጣራ ግን ይቅርታችሁን እንለምናለን፤ ልጁም እሷም በጊዜ ቁርጣቸውን ይወቁ።»

ሰኞ ጠዋት ለይኩን ጣሪቅ ዘንድ ገብቶ መስመሩን አጠፋው። ቅጂውን ለያዘው ብራዚላዊ ጻፈለት፤ እሱም ወዲያው አጠፋው።

«ቶሌ፣ እሺ፣ ከማሽኑ ጠፍቷል» አለ ጣሪቅ። «ከአጋሮ ሰው ዓይን ግን እንዴት አድርገህ ነው የምታጠፋው? ወላሂ፣ ለይኩኔ፣ ይሄኛውን ቫይረስ እኔም አላውቀውም።»

ለይኩን ቀና ሲል ፍቅር በሩ ላይ ቆማለች። ከየቡ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ ነጭ ጋውኗን እንኳ ከክንዷ ላይ አላወረደችም።

«አጠፋኸው?» አለች።

«አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ማንም ቢከፍተው…»

«ጎበዝ! ትናንት ተቆራርጦ የታየ መስመር ዛሬ ከጠፋ ሰው ምን ይላል? የሚያሳፍር ነገር ባይኖር አይሸሽጉትም ነበር ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምሩህ ዝም ማለትን የሚያስተምር አንድ ሰው አጣህ?»

«ፍቅር፣ እኔ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ክፉ ብታስብማ ይሻለኝ ነበር። ተጣልቼህ እገላገል ነበር።» ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ኤልያስ ‘አጎቴን አልሰማም፣ እንጋባ’ ይለኛል። እኔ ግን በአባቴ ስም ላይ ጥያቄ አንጠልጥዬ አልዳርም። ደግሞስ… ሥጋው የእውነት ቢገናኝስ? ይህን ሳላውቅ እንዴት ነው ከሰው ጋር የማድረው? ሂድና ጋሽ ገበየሁን ጠይቅ። ተንበርክከህም ቢሆን።»

ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ለይኩን በረንዳው ላይ ሲደርስ አቶ ገበየሁ ቀድመው ሰምተዋል።

«ስሕተቴን አረምክልኝ አሉ» አሉት ሳይጨብጡት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የማያውቁት መስሎኝ ነው።»

«የማላውቀው? ማሩን የያዝኩት እኮ እኔ ነበርኩ!»

ለይኩን እዚያው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ሣህሉ ጣቱን በያዝኩት ጽዋ ውስጥ ነክሮ ሕፃኑን አጠባው፤ ‘ከአብራኬ ነህ’ አለው። እኛም ‘ከአብራኩ ነው፣ ሌላ ያለ ይርገም’ ብለን ማልን። ስለዚህ ሣህሉ ጥላሁንን ወለደ ብዬ አጻፍኩህ። እኔ መሐላዬን ነው የሰጠሁህ፤ አንተ ስሕተት አደረግከው።»

«የወለደውስ ሰው፣ ጋሼ? እሱ ተረሳ?»

«ማን ረሳው?» ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «እዚህ አለ። ሆድ ይፍጀው ተብሎ የተሰጠኝ ነው። አይነገርም፤ ሲቆጠር ግን ይቆጠራል። አለበለዚያማ ወንድም ከእኅቱ እየተጋባ መከራ ነበር። ‘ይቅር’ ካልኳቸው ውስጥ ስንቶቹ በዚህ በማይነገረው በኩል የተገናኙ ይመስልሃል? ምክንያቱን ብናገር ኖሮ ስንቱ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ይቀር ነበር።»

ለይኩን ምክንያት የማይነግር መልስ የትዕቢተኛ መልስ ነው ብሎ ስንት ዓመት ሲያምን ኖረ! ለካ እዚህ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ሁለት መዝገብ ይዘው ኖረዋል፤ አንዱን ለአፍ፣ አንዱን ለቁጥር። እሱ የሠራው ባለ አንድ መዝገብ ነው።

«እንግዲያው አጋሮ ልውሰድዎትና ለአቶ ዓምደሚካኤል ይንገሯቸው። ይሁን ወይም ይቅር ይበሏቸው።»

«ያምኑኛል? አያውቁኝም እኮ። በእጃቸው ወረቀት ይዘዋል፤ እኔ አፍ ብቻ ነኝ።» በዝግታ ጨመሩ፤ «የሚያምኑኝ እንኳ ነገ ሊቸገሩ ነው። ከዚህ በኋላ ስንት ጥር አያለሁ?»

ሐሳቡ ለለይኩን የመጣለት ያን ጊዜ ነው። ሳያበስለው ተናገረው። «ጋሼ፣ ስሙን ሳይናገር የሚቆጥር ብሠራስ? እርስዎ ስሞቹን ቆልፈው ያስቀምጣሉ። መሣሪያው በሁለቱም በኩል ይቆጥርና ‘ይሁን’ ወይም ‘ይቅር’ ብቻ ይላል። ሌላ ቃል የለም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እርስዎ ጋ ብቻ። እኔም አላየውም።»

«አንተ እንደማታይ ማን ያረጋግጥልኛል? አንተው?»

ለይኩን ሊከፋው አሰበና ለመከፋት መብት እንደሌለው ትዝ አለው። «አይደለም፣ ጋሼ። ኮዱ ክፍት ነው። እንዴት እንደሚቆልፍ፣ እንዴት እንደሚቆጥር የፈለገ ያነበዋል። ኤልያስ ራሱ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ መስመር በመስመር ይፈትሸው። አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ስሙ ዝግ። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር ያየሁት፤ ያጠፋሁትም እዚያ ላይ ነው።»

«ፈታሹ ቀዳዳ ቢያገኝበትስ?»

«ቢያገኝልን ነው የሚሻለው። ስም ሳይገባበት እንደፍነዋለን።»

አቶ ገበየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አሉ። «እንግዲህ ሞክር። የማር ጽዋ በእጅህ እንደያዝክ ሆነህ ሥራው፤ እንዳታንጠባጥብ።»

ሦስት ሳምንት ሠራ። ብራዚላዊው የቁልፉን ነገር ያዘለት። ፖላንዳዊቷ ደግሞ አንድ ሰው የተለያየ ስም እያስገባ ሺህ ጊዜ ቢጠይቅ የተደበቀውን ሊደርስበት እንደሚችል አሳየችው፤ ስለዚህ ቁልፉ ሳይከፈት፣ የሁለት ወገን ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ቆጠራ እንዳይኖር አደረጉ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ያገኘው ኤልያስ ነው። አጋሮ ሆኖ ማታ ማታ ኮዱን ሲያነብ ከርሞ ለለይኩን ደወለ።

«መልሱ ‘ይቅር’ ሲሆን መሣሪያው ቶሎ ይመልሳል፤ ‘ይሁን’ ሲሆን ይዘገያል» አለው። «ዝምድናው በቀረበ ቁጥርም ይፈጥናል። ሰዓት የያዘ ሰው ስንተኛው ቤት ላይ እንደተገናኙ ሊያውቅ ይችላል። ለሁሉም እኩል ይዘግይ።»

«ኤልያስ፣ የራስህን ሠርግ እያዘገየህ ነው እኮ።»

«ይዘግይ እንጂ አይቆራረጥ» አለና ዘጋው።

ስም የማስገባቱ ቀን ለይኩን ሊሙ ገነት ሄዶ ላፕቶፑን አቶ ገበየሁ ፊት አስቀመጠ። ሽማግሌው በደጉ ዘመን የአውራጃው ፍርድ ቤት ታይፕ ጸሐፊ ነበሩና መጻፍ አያቅታቸውም፤ ፊደሎቹ ግን የለመዱት ቦታ ላይ አልነበሩም።

«አሳየኝ» አሉት።

«የትኛውን ፊደል ልፈልግልዎ?»

«ብልጥ ነህ! የምፈልገውን ብቻ ብጠይቅህ ስሙን ገጣጥመህ ታውቀዋለህ። ሁሉንም አሳየኝ። ከሀ እስከ ፐ።»

ስለዚህ ከሀ እስከ ፐ አሳያቸው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲያበቃ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ከኋላው አንድ ጣት አንድ ጣት ሲመታ ይሰማል። አንድ ስም ነው፣ አሁን ያልቃል ሲል፣ አላለቀም። ምሳ አለፈ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በቃሉ ያዘው። አሥር ሰዓት ሲሆን አቶ ገበየሁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ዙር» አሉት። ፊታቸው እንደ ታመመ ሰው ገርጥቷል፤ ግን ቀሏቸው ነበር። «ስንት እንደሆኑ አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅም፣ ጋሼ። ጅማ ግን ትናንት ዘንቧል።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ አቶ ዓምደሚካኤል ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ወደ አቶ ጥላሁን ቤት ተመለሱ። አቶ ገበየሁ ከሊሙ ድረስ በኮንትራት መኪና መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ጥላሁን እንግዳ ተቀበሉ፣ ለይኩንን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገሩትም።

አቶ ዓምደሚካኤል የኤልያስን ወገን በአባትም በእናትም እየጠሩ፣ ለይኩን እየጻፈ፣ እስከ ሰባት ቤት ወጡ። ኤልያስ ኮዱን ራሱ እንደፈተሸ፣ ስም የሚያሾልክ ቀዳዳ ፈልጎ እንዳጣ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረ። አቶ ገበየሁ ቁልፍ የሆነውን የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ፤ ሁሉም ፊቱን አዞረ፣ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል እንኳ የዞረ ይመስል ነበር።

«ማን ይጫነው?» አለ ለይኩን።

«እርስዎ» አሉ አቶ ጥላሁን ወደ አቶ ዓምደሚካኤል እያዩ። «ጥያቄውን ያነሡት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ዓምደሚካኤል ተጫኑት። መሣሪያው ለሁሉም እኩል እንዲዘገይ ተደርጎ ስለተሠራ ዘገየ። ፍቅር የእናቷን እጅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ለይኩን ያለወትሮው ጸለየ። መልሱ ይቅር ከሆነ ለዚህ ቤት የሚያመጣው ሁለተኛ ሐዘን ነው፤ ይህኛው ግን ሊታረም የሚችል አይደለም።

መሣሪያው «ይሁን» አለ።

አቶ ዓምደሚካኤል ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሩ። «አባቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ገና የልጁን ወገን ሲጠሩ ቆጥሬ ጨርሻለሁ» አሉ አቶ ገበየሁ። «መሣሪያው ምን እንደሚል ልይ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ይሁን ነው።»

እልልታው የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። እትዬ ፋንቱ ከሁሉ ቀድመው ጀመሩት።

በግርግሩ መሐል አቶ ጥላሁን መጥተው ላፕቶፑ አጠገብ ቆሙ። ለይኩን ለሁሉም ክፍት የሆነውን ገጽ አሳያቸው። በዚያ ገጽ ላይ የነበረው የመስመር ልዩነት ቀርቷል፤ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን፣ ቤተዘመድን በየትም አገር ለሚጠቀም ሁሉ ልጅ በአንድ ዓይነት መስመር ከአባቱ ይወርዳል። ሣህሉ፣ ከሥሩ ጥላሁን፣ ከሥሩ ፍቅር። አቶ ጥላሁን ጎንበስ ብለው አነበቡ።

«ተሳስተሃል» አሉ።

ለይኩን ወደ ስክሪኑ ቀረበ። «ምን ላይ፣ ጋሼ?»

«አባቴ ያረፈው በ88 አይደለም፤ በ87 ነው፣ በጥቅምት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

ለይኩን ጎንበስ ብሎ አስተካከለው። አቶ ጥላሁን ትከሻውን ያዝ አድርገው ለቀቁትና ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።

ምግብ ሲቀርብ አቶ ዓምደሚካኤል አልተነሡም። ሰዉ ግቢው ውስጥ ወደተዘረጋው ማዕድ እስኪሄድ ጠብቀው ወንበራቸውን ወደ ለይኩን አስጠጉ። የተሰመረው ንግግራቸው እንደመንተባተብ አለው።

«ይህ ነገር… የሊሙና የጅማ ሰው ብቻ ነው የሚገባበት?»

«የፈለገ ሁሉ ይችላል፣ ጋሼ።»

«እኛም ቤት አንድ አለ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናቴ ስትሞት ለእኔ ብቻ የነገረችኝ። ለሚስቴም አልተናገርኩም። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ እዚህ ቤት ስቆም…» አልጨረሱትም። «ልጆቼ ደርሰዋል። እኔ ብሞት ማን ይቆጥርላቸዋል?»

ለይኩን የማን ነገር እንደሆነ፣ ስንተኛው ቤት ላይ እንደሆነ የመጠየቅ ፍላጎት እንደ ሳል ጉሮሮው ላይ መጣበት። ዋጠው። ላፕቶፑን አንሥቶ አቶ ገበየሁ ፊት አስቀመጠ፤ ከጎናቸው ባዶ ወንበር አደረገ።

«ጋሼ ዓምደሚካኤል፣ እዚህ ይቀመጡ። ፊደሉን እሳቸው ያሳዩዎታል።»

አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ከሀ እንጀምራ» አሉ።

ለይኩን በሩን ከኋላው ዘግቶ ወደ ግቢው ወጣ። ፍቅርና ኤልያስ ከመፈልፈያው አጠገብ ቆመው ይከራከራሉ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ አጋሮ ይሁን ወይስ የቡ። ሲያዩት ጠሩት፣ ዳኝነት ሊጠይቁት። እሱ ግን እጁን አንሥቶ ትንሽ ቆዩ አላቸውና፣ ማንም ሁለቱን ሽማግሌዎች ለምግብ ሊጠራ በሩን እንዳይከፍት፣ ደፉ ላይ ተቀመጠ።